ፓይለትና እንቅልፍ፦ ድሬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ላይ ፓይለት መሆንህ ከታወቀ አለቀልህ። ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ይዘህ ብትቀመጥ፣ ሳቢያን ለቅሶ ብትደርስ፣ ባጃጅ ውስጥ ብትገባ ጥያቄው ይከተልሃል። ድሮ "ደመና ውስጥ እንዴት ይታያችኋል?" ነበር። አሁን አሁን "አቦ፣ እዚያ ላይ ሆናችሁ ትተኛላችሁ አሉ፤ እውነት ነው?" ሆኗል። ለእያንዳንዱ ሰው ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን ግን እንደ አውሮፓውያኑ አድርጌዋለሁ።

እውነት ፓይለቶች በረራ ላይ ይተኛሉ?

አዎ። ግን ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለ። ሰው የሚደነግጠው ሁለቱ ተደባልቀው ስለሚወሩ ነው።

አንደኛው የተፈቀደው ነው። አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ሥራው ሲረጋጋ አንዱ ፓይለት ለሌላው ነግሮ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ ለአጭር ጊዜ ያሸልባል። ሌላው ነቅቶ ያበራል። ሆስተሶቹም ይነገራቸዋል። አውሮፓ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ይህን በደንብ ይፈቅዳሉ። አሜሪካ ለራሷ አየር መንገዶች አልፈቀደችም። የሚያስቀው ነገር፣ ጥቅሙን ያረጋገጠው ጥናት የራሷ የናሳ መሆኑ ነው። በ1994 በወጣው በዚያ ጥናት ረጅም በረራ ላይ ላሉ ፓይለቶች የ40 ደቂቃ ዕድል ተሰጣቸው። በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኙ። የሥራ ብቃታቸው በ34 በመቶ፣ ንቃታቸው ደግሞ በ54 በመቶ ተሻሻለ።

ሁለተኛው ሳይታሰብ የሚመጣው ነው። ማንም አልፈቀደውም፣ ማንም አላወቀውም። ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ይከደናል፣ ጭንቅላት ዘንበል ይላል፣ ባለቤቱ "አልተኛሁም" ብሎ ይምላል። በ2013 የእንግሊዝ ፓይለቶች ማኅበር 500 አባላቱን አስጠይቆ ነበር። 56 በመቶዎቹ ኮክፒት፣ ማለትም የፓይለቶቹ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አመኑ። ከእነዚህ መካከል 29 በመቶዎቹ ሲነቁ ያዩት ጓደኛቸውም ተኝቶ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ነው።

ሁለቱም ባንዴ ቢተኙስ?

ሆኗል። ጥር 2024 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባቲክ ኤር የተባለው አየር መንገድ ኤርባስ 320 ከኬንዳሪ ወደ ጃካርታ ይበር ነበር። 153 ተሳፋሪ ይዟል። ካፒቴኑ ትንሽ ልረፍ አለ፤ ረዳቱ እሺ አለ። ረዳቱ ግን ቤቱ የአንድ ወር መንታ ልጆች አሉት። ከሚስቱ ጋር እየተፈራረቀ ሲያባብል ነው የሚያድረው። እሱንም እንቅልፍ ጣለው። ለ28 ደቂቃ ያህል ለሬዲዮ ጥሪ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ካፒቴኑ ሲነቃ አውሮፕላኑ ከመስመሩ ወጥቷል። በሰላም አረፉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዕረፍቱ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ከቤቱ ደክሞ መምጣቱ ነው። ሮስተር (የሥራ ተራ መዝገቡ) ላይ ስታየው ዕረፍቱን የጨረሰ ሰው ነው። ወረቀት ሕፃን ሲያለቅስ አይሰማም።

ያ የካርቱም በረራ ወሬስ?

ነሐሴ 2022 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መውረድ ባለበት ቦታ ሳይወርድ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ቦሌን አልፎ ሄደ። የውጭ ሚዲያዎች ፓይለቶቹ ተኝተው ነበር፣ የቀሰቀሳቸው አውሮፕላኑን በራሱ የሚነዳው አውቶፓይለት ሲላቀቅ የጮኸው ማስጠንቀቂያ ነው ብለው ዘገቡ። አየር መንገዱ በመግለጫው በረራው ከአዲስ አበባ መቆጣጠሪያ ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደነበር፣ በኋላም በሰላም ማረፉንና ምርመራው እስኪያልቅ ፓይለቶቹ ከሥራ መታገዳቸውን ገለጸ። ከዚህ በላይ በርጫ ላይ የሚጨመረው ሁሉ ማጣፈጫ ነው።

የድሬ በረራ አንድ ሰዓት አይሞላም። እሱ ደግሞ ምን ያደክማል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሰው ድካምን በርቀት ነው የሚለካው። ዋሽንግተን የሚሄደው ይደክማል፣ ድሬ የሚመጣው አይደክምም ይባላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሳ በረራ ካለህ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መነሳት አለብህ። "በጊዜ እተኛለሁ" ትላለህ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ትገባለህ፣ ጣራውን ታያለህ። ሰውነት በትእዛዝ አይተኛም። ይህ ሦስት አራት ቀን ሲከታተል በየቀኑ የጎደለው እየተጠራቀመ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ መነሳትና ማረፍ ነው፦ አዲስ፣ ድሬ፣ አዲስ፣ ጅማ፣ አዲስ። ፓይለትን የሚያለፋው ደግሞ መነሳትና ማረፉ ነው እንጂ መሀሉ አይደለም።

ድሬ ስንደርስ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ደረጃውን ወጥቶ ይቀበልሃል። አንዱ ፓይለት ወርዶ አውሮፕላኑን ይዞራል፤ ጎማ ያያል፣ ሞተር ያያል፣ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ያያል። አስፋልቱ ከታች ይፋጃል። ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። አየሩ ሲግል ስስ ስለሚሆን አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሒሳቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሌሊት 10 ሰዓት በነቃ ጭንቅላት ነው የምትሠራው።

ማስረጃ ካስፈለገ፣ በ2008 ሃዋይ ውስጥ ከሆኖሉሉ ወደ ሂሎ አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ በረራ ላይ ሁለቱም ፓይለቶች ተኝተው መድረሻቸውን አልፈው ሄደው ነበር። በጠራራ ጠዋት! የአሜሪካ መርማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱ ያሉት ለተከታታይ ቀናት በማለዳ ሥራ መግባታቸውን ነው።

በዚያው የሃዋይ በረራ ላይ ማንኮራፋት የሚባል ነገር ነበር ሲሉ ሰማሁ?

አዎ፣ ካፒቴኑ ሳያውቀው ከባድ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶም አልተኛም፤ ትንፋሹ በተቋረጠ ቁጥር አንጎሉ ይባንናል። እኛ ዘንድ በኃይል የሚያንኮራፋ ሰው "ሞቅ ያለ እንቅልፍ አለው" ይባላል። ተገላቢጦሹ ነው። የሚያንኮራፋና ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ዘመድ ያለው ሐኪም ጋ ይውሰደው፤ ፓይለት ባይሆንም።

በጣም የሚከብደው ሰዓት የትኛው ነው?

ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋት 12። የሰውነት ሙቀት የሚወርደው፣ የውስጥ ሰዓታችን "ተኛ" የሚለው ያኔ ነው። ልምድ አያድንም። ሃያ ዓመት የበረረም፣ ትናንት የተመረቀም እኩል ነው።

ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ልንገራችሁ። ከታወር የሬዲዮ ቁጥር ይነገርሃል፤ ስትደግመው ሁለቱን ቁጥሮች ታገላብጣለህ። ጓደኛህ ያርምሃል። ትንሽ ቆይተህ ነዳጁን ታያለህ፤ ዓይንህን ስትመልስ ስንት እንደነበር ጠፍቶሃል። እንደገና ታያለህ። ወደ ምሥራቅ የምትበር ከሆነ ጎህ ሲቀድ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገባና ዓይንህ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስልሃል። ማዛጋቱ ይጀምራል፤ አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ይቀበለዋል።

ግንቦት 2010 ከዱባይ የተነሳ የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ አውሮፕላን ሕንድ ማንጋሎር ላይ ሊያርፍ ሲል ከአስፋልቱ አልፎ ገደል ገባ። ሰዓቱ ንጋት ነበር። 158 ሰው ሞተ፣ የተረፉት 8 ናቸው። ካፒቴኑ አብዛኛውን መንገድ ተኝቶ እንደነበር የድምፅ መቅጃው አሳየ። ረዳቱ ደጋግሞ "ማረፉን ትተን እንነሳ" ብሎት ነበር። ችግሩ ሰውየው ሲያርፍ መተኛቱ አልነበረም፤ ነቅቷል። ግን ከከባድ እንቅልፍ የነቃ ሰው ለሩብ፣ አንዳንዴም ለግማሽ ሰዓት ድንዝዝ ይላል። ለዚህ ነው የተፈቀደው ዕረፍት አጭር የሚሆነው፣ መውረድ ከመጀመሩ በፊትም በቂ ጊዜ ተትቶ የሚያበቃው።

ሌላ ሁለተኛ ደካማ ሰዓት አለ፤ ከቀትር በኋላ ከ7 እስከ 10 አካባቢ። ድሬ ይህን ከጥንት አውቃው በዚያ ሰዓት ሱቅ ትዘጋለች። አዲስ አበቦች "ሰነፎች" ይሉናል፤ ሳይንሱ ከእኛ ጋር ነው።

አውቶፓይለት እያለ ምን ቸገራችሁ?

አውቶፓይለቱ እኮ ነው የሚያስተኛን! አስቡት፦ ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። ተቀምጠሃል። እጅህ ላይ ሥራ የለም፤ ሥራህ ማየት ነው። አየሩ ደረቅ ነው። በውስጡ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ነው፤ ማለትም ቦሌ አካባቢ እንደመቀመጥ። ድሬ ያደገ ሰው አዲስ ሲገባ የመጀመሪያው ቀን ላይ ራሱን እንዴት እንደሚከብደው ያውቃል።

አንዳንድ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ ቦይንግ 777 እና 787፣ ፓይለቱ ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር ካልነካ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁታል፤ ዝም ካለ ይጮሁበታል። ሆስተሶችም በየተወሰነ ደቂቃ ወደ ኮክፒት ይደውላሉ። ቡና ለመጠየቅ ብቻ አይደለም የሚደውሉት።

ቡና ትጠጣላችሁ?

እንዴታ! ግን አጠጣጡ ላይ ብልሃት አለ። ካፌይን ሥራ ለመጀመር 20፣ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ደግሞ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዓይንህ መከደን ከጀመረ በኋላ መጠጣት ዘግይቷል፤ ልትተኛ ሦስት ሰዓት ሲቀርህ መጠጣት ደግሞ የነገውን እንቅልፍ መብላት ነው። ደህናው ዘዴ አንድ ስኒ ጠጥቶ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ማሸለብ ነው። ስትነቃ ቡናው ደርሶ ይጠብቅሃል።

ሐረር ያሉ አክስቴ ቁቲ ቀቅለው ይልኩልኛል፤ "ቅጠል ነው፣ እንቅልፍ አይከለክልም" እያሉ። የቡና ቅጠልም ካፌይን አለው፣ እቴ። ማታ ላይ አልነካውም፤ አይንገሯቸው።

ጫትስ?

ይህ ሳይጠየቅ ያለፈ ቀን የለም። አወዳይ አፍንጫችን ሥር ሆኖ እንዴት ይቅር?

አጭሩ መልስ፦ በፍጹም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለፓይለት ከተከለከሉት ነገሮች ውስጥ አልኮልን፣ የእንቅልፍ መድኃኒትን፣ ኮኬይንንና ሌሎች አነቃቂዎችን ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ በስም እንዲወጡ የተደረጉት ቡናና ትንባሆ ናቸው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ከክልከላው አያመልጥም።

ረጅሙ መልስ ደግሞ ይህ ነው። "ጫት እኮ ያነቃል፣ ሹፌሩ ሁሉ በእሱ አይደል የሚነዳው?" ይሉኛል። ምርቃና እንቅልፍን አያጠፋም፤ ያበድርሃል። በምርቃናው ሰዓት ሰው ድካሙ አይሰማውም፣ እንዲያውም ከወትሮው የበለጠ ንቁ የሆነ ይመስለዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ደክሞ መድከሙን የማያውቅ ሰው አይጠነቀቅም። ሲበርድ ደግሞ ብድሩ ከነወለዱ ይመጣል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ በግድ ቢመጣም ዱካኩ አለ። በማግሥቱ ሀራራው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማን ነው ጠዋት አውሮፕላን ሊያስነሳ የሚገባው?

እንግዲህ በርጫ ላይ ተጠርቼ ለስላሳ ይዤ ስቀመጥ "ኮራብን" የምትሉኝ፣ መልሱ ይኸው።

እንቅልፍ ማጣት እንደ ስካር ነው የሚባለው ይጋነናል?

አይጋነንም። በ1997 የወጣ ጥናት ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል መውረዱን አሳይቷል። ብዙ አገር በዚህ መጠን መኪና መንዳት አይፈቀድም። 17 ሰዓት ማለት ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ መሆን ነው። ሠርግ ቤት ያመሸ ሰው ሁሉ እዚያ ደርሷል።

በቀን ስንት ሰዓት መብረር ይፈቀዳል?

እንደ አገሩ ይለያያል። ዓለም አቀፉ ድርጅት እያንዳንዱ አገር ገደብ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ እኛ ዘንድ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ለመገመት ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ፓይለት ብቻ ካሉ የሚበሩት ጠቅላላ ጊዜ፣ ሥራው ቀን ከተጀመረ እስከ 9 ሰዓት፣ ሌሊት ከተጀመረ እስከ 8 ሰዓት ነው። ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ለመተኛት የሚያስችል መሆን አለበት። አውሮፓ ውስጥ በ28 ቀን ከ100 ሰዓት በላይ መብረር አይቻልም።

አሜሪካኖቹ ደንባቸውን ያጠበቁት በየካቲት 2009 ቡፋሎ ከተማ አጠገብ በደረሰ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን አደጋ 50 ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ለዓመታት ከምክር ቤቱ ደጃፍ አልጠፉም።

ረጅም በረራ ላይ የት ትተኛላችሁ?

ሦስት ወይም አራት ፓይለት ይመደባል፤ በፈረቃ ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ከጣራው በላይ አልጋ ያላት ጠባብ ክፍል አለች። ቀጥ ብለህ መቆም አትችልም፣ ግን መጋረጃና ብርድ ልብስ አላት። በደንብ ያስተኛል።

"ደክሞኛል፣ አልበርም" ቢል ፓይለት ይቀጣል?

በደንቡ አይቀጣም፤ እንዲያውም ደክሞ መብረር ነው ጥፋቱ። መብረር አልችልም ብሎ መናገር ግዴታው ነው።

በተግባር ግን ሰው ነው። "ሰነፍ ይሉኛል" ይላል። በብዙ አየር መንገድ ከክፍያው የተወሰነው በበረረው ሰዓት ስለሚታሰብ ኪሱም ይናገራል። ቦታውን የሚሸፍን ስታንድባይ ጓደኛው ከእንቅልፉ ሊቀሰቀስ ነው፤ ይሉኝታ አለ። የእኛ ይሉኝታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በእኔ ግምት ከሮስተር ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ስልክ አንስቶ "ዛሬ አልችልም" ያለ ካፒቴን ሳይ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። በሌላ በኩል፣ ዕረፍት ተሰጥቶት ሌሊቱን ሲዝናና ያደረም አለ። ለእሱ አልከራከርም።

ድሬ ላይ ቀን መተኛት ይቻላል እንዴ?

አሃ! የሌሊት በረራ አድርጌ ለዕረፍት ቤት ስመጣ ትልቁ ጦርነት ይሄ ነው። ሰውነት ለመተኛት መቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ ድሬ በግንቦት ይህን አትፈቅድም። ፋኑ ሲዞር ደህና ነው፣ መብራት ሲጠፋ ዓይንህ ወዲያው ይገለጣል። ባጃጁ በመስኮትህ ሥር ጡሩንባውን ይነፋል። ሰፈር ውስጥ ሠርግ ካለ ዳሱ ከጠዋት ጀምሮ ማይክ ይሞክራል፤ "ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ ሁለት"።

የምሠራውን ልንገራችሁ። ለብ ባለ ውሃ እታጠባለሁ፤ በረዶ በሆነ ውሃ አይደለም። ወፍራም ጥቁር መጋረጃ አለኝ። ጆሮዬን እደፍናለሁ። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ባንዴ ስምንት ሰዓት ካልመጣ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት አድርጌ እከፍለዋለሁ። በጣም ሲሞቅ ማታ እንደ ድሮው አልጋውን ግቢ አወጣለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰው ነው። እናቴ አሁን ተምራ በር ላይ ትቆማለች፤ "ልጁ ሌሊቱን ሲሠራ ነው ያደረው" ትላለች። መጀመሪያ ላይ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ታምሜ መስሎት ሙዝና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። መቀስቀሴ አልቀረም።

ካፒቴኑ በማይክ ሲናገር የደከመ ከመሰለኝስ?

ድምፁ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ማይኩ ነው።

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችስ? ለእነሱ ማን አለ?

ይህን የጠየቀኝ ራሱ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ደወሌ ደርሶ የሚመለስ። ጥሩ አድርጎ ጠየቀ። አካሉ አንድ ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓትም ለእሱም ያው ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ልዩነቱ እሱ አጠገብ ረዳት አብራሪ የለም፣ የሚደውል ሆስተስ የለም፣ አውቶፓይለትም የለም። እኔ ለአምስት ሰከንድ ባሸልብ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እሱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለአምስት ሰከንድ ቢያሸልብ ከ110 ሜትር በላይ በጭፍን ሄዷል።

መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ማስጮህ፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨት ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚሠሩት። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንዴት እንደነዳ ካላስታወሰ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። መንገዱን ለቆ፣ ደህና ቦታ አቁሞ፣ በሩን ቆልፎ 20 ደቂቃ ይተኛ። ሲነቃ ወዲያው ሞተር አያስነሳ፤ ወርዶ ጎማውን እያየ ሩብ ሰዓት ይንቀሳቀስ። ረዳት ካለው ደግሞ ረዳቱ እንዲያወራው እንጂ አብሮት እንዲተኛ አይፍቀድለት። "ጭነቱ ይዘገያል፣ ባለቤቱ ይጮኻል" አለኝ። ይጩህ፣ አልኩት።